ሻጩ ያለውና እኔ ለአባቴ ያልኩት

ሻጩ ያለው ይህን ነበር፦ «ለመጻፍና ኢንተርኔት ለማየት ከሆነ ይህ ላፕቶፕ በጣም ጥሩ ነው። ለካድ ከሆነ ግን አልመክራችሁም። ጥቁሩን ውሰዱ።»

እኔ ለአባቴ የነገርኩት ደግሞ ይህን ነው፦ «ሁለቱም ያው ናቸው ይላል። ይሄኛው አዲስ ስለሆነ ይሻላል።»

በሁለቱ መካከል የነበረው ጊዜ ትንፋሽ ለመሳብ እንኳ አይበቃም። አላሰብኩበትም፤ አፌ ውስጥ ተሠርቶ ወጣ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ክው የሚያደርገኝ ያ ቅለቱ ነው። ሰው ለአባቱ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር ቢያንስ ድምፁ ሊንቀጠቀጥ አይገባም?

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ቶሮንቶ ከገባን ስድስት ዓመት ሆኖናል፤ የምንኖረው ክሬሰንት ታውን፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ አንድ ሥራ ላይ ከሦስት ወር በላይ የማልቆይ፣ አውቶቡስ ውስጥ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ግጥም የምጽፍ ልጅ ነበርኩ። አባቴ አዲስ አበባ እያለ ድራፍትስማን ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ የሰው ቤት ደረጃ፣ የሰው ቤት መስኮት ሲስል ኖሯል። እዚህ ከመጣን ወዲህ ግን ኢቶቢኮ ያለ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ይደረድራል። ሁለት ዓመት ከሺፍት በኋላ ኮሌጅ እየሄደ ካድ ተማረ። ካድ ድሮ በእርሳስና በማስመሪያ ይሠራው የነበረውን ንድፍ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠሩበት ሶፍትዌር ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ የኮሌጁን የኮምፒዩተር ክፍል የሚከፍትበት ካርድም አብሮ ሞተ።

በዚያው ሰሞን አስተማሪው ለአንድ ትንሽ የአርክቴክቶች ቢሮ ስሙን ሰጠው። የቢሮው ባለቤት አባቴን ሐሙስ ቀን ጠራውና የአንድ አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ልኬት በእጅ የተጻፈበት ወረቀትና ጥቂት ፎቶዎች አስያዘው። የወለሉን ፕላን፣ ቤቱ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ቢከፈል የሚታየውን ቁርጡን፣ ከዚያም ቤቱን እንዳለ ከየአቅጣጫው የሚያሳይ ሞዴል ሠርቶ በሁለት ሳምንት እንዲያመጣ ነገረው። ጥሩ ከሆነ ሥራ አለ። አባቴ ይህን ሲነግረን ወረቀቱን በሁለት እጁ እንደያዘ ነበር። እናቴ ኮቱን ልትቀበለው ብትሞክር ወረቀቱን አልለቅም ብሎ ኮቱ ግማሹ ላዩ ላይ ቀረ።

እንግዲህ ኮምፒዩተር ያስፈልግ ነበር፤ ለካድ የሚሆን፣ አቅማችን የሚችለው። ቅዳሜ ጠዋት አባቴና እኔ አዲስም ያገለገለም ወደሚሸጥበት አንድ ሱቅ ሄድን።

ይዞ የሄደው ዝርዝር አስተማሪው የነገረውን ነው። ፊደሎቹ ሁሉ እኩል ቁመት ያላቸው፣ በማስመሪያ የተጻፉ የሚመስሉ፤ ሰባት ነጥብ። ዝርዝሩን ለእኔ ሰጠኝ። የቤታችን አፍ እኔ ነበርኩ። ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ባንክ ስንሄድ፣ ክሊኒክ ስንሄድ፣ የቤት ኪራይ ቢሮ ስንሄድ የምናገረው እኔ ነኝ። አባቴ እንግሊዝኛ የለውም ማለት አይደለም፤ እኔ አጠገቡ ካለሁ ግን እንግሊዝኛውን ኪሱ ከቶ ወደኔ ይዞራል። የፎቃችን ሽማግሌዎችም እንዲሁ ነበሩ። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን ደብዳቤ እይልኝ» ብለው በር ያንኳኳሉ።

በስድስት ዓመት ውስጥ ደግሞ ሳይታወቀኝ መከርከም ተምሬያለሁ። ጸሐፊዋ ከተመናጨቀች «ትንሽ ይጠብቁ ትላለች» እላለሁ። እናቴ ተቆጥታ «ምን ዓይነት ደደብ ናት!» ካለች «በጣም አመሰግናለሁ ትላለች» እላለሁ። ማንም አልተጎዳም፤ ሁሉም ፈገግ ብሎ ይለያያል። ቃል የምትቆርጥ፣ ቃል የምትቀጥል እጄ የተፍታታችው እዚያ ነው። ግጥሙ ላይ አይደለም።

ሱቁ ውስጥ አባቴ በቀጥታ የሄደው ጥቁሩ ሳጥን ጋ ነው። ቢሮ ውስጥ ሲሠራበት ኖሮ ታድሶ የተመለሰ፣ ከባድ፣ ጥግ ጥጉ የተፋፋቀ ዴስክቶፕ ነበር። እኔ ደግሞ ዓይኔ ብርማ ቀለም ያለው ስስ ላፕቶፕ ላይ ተተክሏል። ግጥሞቼን የምተይበው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በተራ፣ ለግማሽ ሰዓት ነበር። ሰዓቱ ሲሞላ ኮምፒዩተሩ ስንኝ መሐል ይዘጋል። ያንን ላፕቶፕ ሳየው ጉልበቴ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እኔ ባቡር ውስጥ ስጽፍበት ታየኝ። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም።

«ይቺ ጥቁሯ ምን ሆና ነው የረከሰችው?» አለ አባቴ።

«ያገለገለች ናት አባዬ። አሮጌ።»

«አሮጌ ምን ይሁን? እኔስ አዲስ ነኝ?» ሳቀ። «እስቲ ጠይቂልኝ፤ ግራፊክስ ካርዱ ለብቻው የተቀመጠ ነው ወይ በይው።»

ጠየቅኩ። ሻጩ፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ልጅ፣ ጥቁሩ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል የሚሠራ የራሱ ካርድና የካርዱ የራሱ ሜሞሪ እንዳለው፣ ላፕቶፑ ግን የዋናውን ሜሞሪ እንደሚጋራ አስረዳኝ።

«ሁለቱም አላቸው ይላል» አልኩ።

«ለብቻው?»

«አላቸው አለ እኮ።»

ከዚያ በኋላ ነው መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር የመጣው። አባቴ ላፕቶፑን አንስቶ ገለበጠ፣ መልሶ አስቀመጠ፣ አንዴ ወደ ጥቁሩ ተመለከተ።

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለ።

ቤት ስንገባ እናቴ ላፕቶፑን አይታ «ይሄ ነው እንዴ? ትሪ ገዝታችሁ መጣችሁ?» አለች። አባቴ ግን ጠረጴዛውን አጽድቶ፣ የቤቱን ወረቀቶች በቅደም ተከተል ዘርግቶ፣ ሶፍትዌሩን ጭኖ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደህና ነበሩ። ፕላን ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ መስመር ብቻ ነው፤ ላፕቶፑ ቻለው። እሱ ሺፍት ሲገባ እኔ እወስደዋለሁ። ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ በሦስት ቀን ውስጥ በዓመት ከጻፍኩት የበለጠ ጻፍኩ። ምንም አልተሰማኝም። እንዲያውም ልክ የሆንኩ መሰለኝ።

ማክሰኞ ሞዴሉ ጋ ደረሰ። ያኔ ቤቱን ማዞር መጣ። በካድ ውስጥ ቤት ገንብተህ ስታበቃ በማውሱ ይዘህ ታዞረዋለህ፤ ከጀርባ፣ ከላይ፣ ከሥር ታየዋለህ። አባቴ ማውሱን ጫን አድርጎ ሲያዞር ስክሪኑ ነጣ። የላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ያለችው ማራገቢያ እንደ ወባ ትንኝ ጮኸች። ጠበቀ። ቤቱ ግማሹ ዞሮ ግማሹ ባለበት ቀረ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ተዘጋ። ከምሳ ሰዓት ጀምሮ የሠራው ጠፋ።

እንደገና ሠራው። እንደገና ተዘጋ። ረቡዕም እንዲሁ፣ ሐሙስም እንዲሁ። በአንድ መስመር አንዴ ሴቭ ማድረግ ጀመረ፤ አንድ መስመር፣ ሴቭ፤ አንድ መስመር፣ ሴቭ። ሴቭ ማድረጉ ራሱ እየረዘመ ሄደ።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ ላፕቶፑ ተከድኖ አገኘሁት። አባቴ መነጽሩን አድርጎ የኮሌጅ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እያነበበ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ኮምፒዩተሩን እንዴት እንደሚያበሩት የሚናገር ነው።

«ምን እያደረግክ ነው አባዬ?»

«የረሳሁት ነገር አለ» አለ። «አስተማሪው ይህንን ነገር ቡና እየጠጣ በአንድ እጁ ነው የሚያዞረው። እኔ ስነካው ይሞታል። ዌርሃውሱ እጄን አክብዶታል መሰለኝ።»

«ኮምፒዩተሩ ቢሆንስ?» አልኩ።

«ኮምፒዩተሩማ ሰውየው ያው ነው ብሏል። አልጠየቅሽልኝም እንዴ?»

የቀረውን ምን እንዳለ አልሰማሁም። ስድስት ዓመት ሙሉ ስከረክም አንድም ቀን የተቆረጠው ቃል የት እንደሚወድቅ አይቼ አላውቅም ነበር። ይኸው ወድቆ አየሁት፤ አባቴ እጁ ላይ።

ቢሆንም አልተናገርኩም። ይህን ሳልጽፈው ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን አልተናገርኩም። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ሰሃን እያጠበች ጠራችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባትሽ ይቅርብኝ ብሏል» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ሥራው ነዋ! ለቢሮው ደውሎ ተዉት ሊላቸው ነው። ዕድሜዬ አልፏል፣ የሰውየውን ጊዜ አላባክንም ይላል። እስቲ አንቺ ተናገሪው፤ የኔን ነገር በዚህ ጆሮው ሰምቶ በዚያ ነው የሚያፈሰው።»

ሳሎን ስገባ አባቴ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። ሲያየኝ ፊቱ ቀለል አለ፤ እኔን ነበር ሲጠብቅ የነበረው።

«መጣሽ? ነይ፣ አንቺ ደውይልኝ። ቅዳሜ ስለሆነ መልእክት መተው ነው። በደንብ አድርገሽ ይቅርታ በይልኝ። ሸምግሏል፣ ሶፍትዌሩ አልሆነለትም በይ። አንቺ ታውቂበታለሽ፤ አሳምረሽ ንገሪልኝ።»

አሳምረሽ። ስልኩን ተቀበልኩት። የሚሸሽበት ቦታ ቢኖር ሸሽቼ ነበር። ግን የመጨረሻው ሥራዬ ይሄ ሆኖ አረፈው፤ አባቴ የራሱን ዕድሜ እንዲረግም ያደረግኩት እኔ፣ እርግማኑንም ወደ እንግሊዝኛ የምመልሰው እኔ።

«አባዬ፣ ሻጩ እንደዚያ አላለም» አልኩ።

«የቱ ሻጭ?»

«የኮምፒዩተሩ። ያው ናቸው አላለም። ለካድ አይሆንም ነው ያለው። እኔ ነኝ...»

ኩሽናው ውስጥ የውሃው ድምፅ ቆመ። አባቴ አልተቆጣኝም፣ አልተነሳምም። እርሳስ አነሳ።

«በእንግሊዝኛ ምን ነበር ያለው? እሱ እንዳለው አድርገሽ።»

ነገርኩት። ልኬት እንደሚነበብለት ሰው አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ ያቺን በእኩል ፊደል የተጻፈች ዝርዝር ከደብተሩ አወጣና ከአንደኛው ነጥብ ጀመረ። እዚህ ላይ ምን አለ? እዚህስ? ስለ ሜሞሪው? ስለ ግራፊክስ ካርዱ? እያንዳንዱን እነግረዋለሁ፣ እሱ ከጎኑ ምልክት ያደርጋል። ከሰባቱ አራቱ ላይ የኤክስ ምልክት ተደረገ።

«አንቺ ልጅ!» እናቴ እጇ አረፋ እንደሆነ በሩ ላይ ቆማለች። «ለአባትሽ? ለገዛ አባትሽ?»

«ቆይ፣ ቆይ፣ አልጨረስንም» አላት። ሰባተኛውን ጨረሰ። እርሳሱን አስቀመጠ። ቀኝ እጁን ፊት ለፊቱ ዘረጋና ጣቶቹን አንዴ ዘጋ፣ አንዴ ከፈተ።

«እጄ አይደለም ማለት ነው» አለ። ወደ እናቴ ዞረ። «ሰማሽ? እጄ አይደለም!»

ሳቀ። ከልቡ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። ለጥፊ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለርግማን፣ ለሳምንት ዝምታም ተዘጋጅቼ ነበር። ክህደቴ የምሥራች ሆኖለት ሲስቅ ማየት ግን አልተዘጋጀሁበትም። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ላፕቶፑን እንመልሰው ስል ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። እኛ ዕቃ መልሰን አናውቅም። እናቴ የጠበባትን ጫማ ይሉኝታ ይዟት ቁም ሳጥን ውስጥ ሦስት ዓመት አስቀምጣዋለች።

«ሳምንት ሙሉ የተጠቀምንበትን? ሌባ ነው የሚሉን» አለች።

«እማ፣ ሪተርን ማድረግ ይቻላል፤ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል፣ አሥራ አራት ቀን።»

«አንቺ ነሽ የምታነቢልን? አሁን ደግሞ ምን ብሎ ይሆን ደረሰኙ?»

ደረሰኙን ዘረጋሁላት። አባቴ ደረሰኙን ከእጄ ወስዶ መነጽሩን አደረገና ራሱ አነበበው። ቀስ ብሎ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ እስከ መጨረሻው። «ተጽፏል» አለ። «ተነሺ።»

ሱቁ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። «አንቺ ዝም ብለሽ ቁሚ» አለኝ። «እኔ እናገራለሁ።»

አፍሬም ፈርቼም ከኋላው ገባሁ። ያው ልጅ ነበር ባንኮኒው ላይ። አባቴ ላፕቶፑን አስቀመጠ። እንግሊዝኛው የተቆራረጠ ነበር፤ ግሡ ከባለቤቱ ይጣላል፣ ያለፈው ከሚመጣው ጋር ይደባለቃል። ልጁ ግንባሩን ቋጠረ። ላግዘው አፌን ስከፍት አባቴ ሳይዞር እጁን ወደኋላ ዘርግቶ መዳፉን አሳየኝ።

ከዚያ ዝርዝሩን አወጣና ስለ ሥራው መናገር ጀመረ። የማላውቃቸው ቃላት ከአፉ ይወጡ ነበር። የጣሪያ ቁርጥ፣ የደረጃ ቁመት፣ የሞዴሉ ንብርብሮች፣ አንድን ገጽ ለማሳየት ካርዱ የሚሠራው ሥራ፤ ሁሉንም በእንግሊዝኛ፣ ሳይደናቀፍ። ልጁ «አንድ ደቂቃ» ብሎ ከውስጥ መነጽሩን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ጠና ያለ የኮምፒዩተር ጠጋኝ ጠራ። ሁለቱ ሰዎች በባዶ ካርቶን ላይ መሳል ጀመሩ። ጠጋኙ ካድ አብዛኛውን ሥራውን ኮምፒዩተሩ ውስጥ እንደ ሠራተኛ ከሆኑት የፕሮሰሰር ኮሮች በአንዱ ላይ ብቻ እንደሚሠራ፣ ስለዚህ ብዙ ቀርፋፋ ኮሮች ካሉት ይልቅ ጥቂትና ፈጣን ያሉት እንደሚሻል ሲነግረው፣ አባቴ «ልክ ነው፣ አንድ ጥሩ ድራፍትስማን ከአራት ሰነፍ ይሻላል» አለው። ሰውየው ሳቀ። አባቴ በእንግሊዝኛ ቀልዶ ሰው አሳቀ። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰውን ቀልድ ለአባቴ እየተረጎምኩ ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን የእሱን ቀልድ ለሰው ተርጉሜ አላውቅም። የእሱን ሁሉ ከርክሜ ጥዬው ነበር።

ጥቁሩ ሳጥን ተሽጧል። ይህን ሲነግሩት የአባቴ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ጠጋኙ ግን ጓዳ ገብቶ የዚያኑ ዓይነት አንድ ሌላ አመጣ፤ ጎኑ የተጫረ፣ ክዳኑ በአንድ ብሎን ብቻ የተያዘ፣ ሜሞሪው ግን ከመጀመሪያው እጥፍ የሆነ። አባቴ ሰባቱን ነጥብ አንድ በአንድ ጠየቀ። ሰባቱም ላይ ምልክት አደረገ። ካገለገሉት ስክሪኖች ደግሞ ሰፊውን መረጠ።

ባቡር ውስጥ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ እኔ ስክሪኑን ይዤ መጣን። ከጣቢያው ወደ ሕንፃችን የሚወስደው ድልድይ ላይ ስንደርስ ቆም አለ።

«ላፕቶፑ ውስጥ ግጥምሽ ነበር አይደል? አወጣሽው?»

አላወጣሁትም። እሱ ከቤት ሳንወጣ ንድፉን ፍላሽ ላይ ገልብጦ ነበር፤ እኔ ግን ትዝ እንኳ አላለኝም። ጠጋኙ እዚያው ፊታችን ውስጡ ያለውን ሁሉ ሲያጠፋው ቆሜ አይቻለሁ፤ አባቴን ስሰማ ነበር።

«እንመለስ» አለ፤ ሳጥኑን ትከሻው ላይ እንደያዘ ዞረ። ሥራውን ለማስረከብ አምስት ቀን ነበር የቀረው። «ምናልባት ያወጡልሽ ይሆናል፤ እኔ እጠይቃቸዋለሁ።»

«ይቅር አባዬ። ጠፍቷል። ሂድ፣ ሥራህን ሥራ።»

«እንዴት ይቅር? የሰው ልፋት!»

ድልድዩ ላይ፣ ሰው በግራ በቀኛችን እያለፈ፣ ስክሪኑን ታቅፌ አለቀስኩ። አባቴ ስለ ግጥሞቹ ያለቀስኩ መስሎት «አይዞሽ፣ ሌላ ትጽፊያለሽ፤ እጅሽ አለ» አለኝ።

ሁለት ቀን ሺፍቱን ከጓደኛው ጋር ተለዋወጠ። ጥቁሩ ሳጥን ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ያጓራል፤ እናቴ «ይሄስ ወፍጮ ነው» ትላለች። ሰኞ ከሰዓት ሞዴሉን ሲያዞር አጠገቡ ነበርኩ። ቤቱ ተነስቶ ዞረ። ደረጃው፣ የመስኮቱ ደፍ፣ የጣሪያው ጠርዝ፣ ሁሉም አብሮ፣ እንደ ሰው ዞረ። ያቺ ቤት በእውኑ የት እንዳለች አላውቅም፤ ግን እያንዳንዷ ደረጃ የእግር ጫማ ለክታ የተሠራች ነበረች። አባቴ ምን እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ያን ሁሉ ዓመት እኔ የማውቀው ካርቶን የሚደረድረውን ሰውዬ ነበር።

ሐሙስ ሥራውን ይዞ ብቻውን ወደ ቢሮው ሄደ። ልሸኝህ ስል በጭንቅላቱ አይሆንም አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሲመለስ እናቴና እኔ በሩ ላይ ነበርን። ጫማውን አወለቀ። ኮቱን ሰቀለ። ተቀመጠ።

«እህ? ምን አሉህ?» አለች እናቴ።

ወደኔ ዞሮ በእንግሊዝኛ ጀመረ፤ ሰውየው እንዳለው። ደረጃው በጣም ጥሩ ነው ብሏል። የኋለኛው መኝታ ቤት በር በተሳሳተ አቅጣጫ ይከፈታል፤ ልኬቱ ላይ እንደዚያ አይደለም ብሏል። አጻጻፉ ንጹሕ ነው ብሏል። ፍጥነቱ ገና ነው፣ ወጣቶቹ ይህንን በግማሽ ጊዜ ይሠሩታል ብሏል። ቁርጡ ላይ አንድ የመሠረት መስመር ቀርቷል ብሏል። ከዚያ ሁሉንም ለእናቴ በአማርኛ ደገመላት፤ የበሩንም፣ የወጣቶቹንም፣ የቀረውን መስመርም፣ አንድም ሳይዘል። የበሩ ስሕተት ጋ ሲደርስ፣ እኔ ብሆን የምዘለው ነበርና፣ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። የእናቴ ፊት ደግሞ በየዓረፍተ ነገሩ እየጠቆረ ሄደ።

«በቃ?» አለች በመጨረሻ።

«ከዚያ ደግሞ ሰኞ ሥራ ጀምር ብሎኛል። ለሦስት ወር ሙከራ።»

እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ መሐል ላይ አቆመችው። «አንተ ሰውዬ! ልቤ ሊቆም! እሱን አስቀድመህ አትናገርም ነበር?»

«ሰውየው በዚህ ቅደም ተከተል ነው የተናገረው» አላት አባቴ።